የጋሼ ራሞን የብር ሳንቲም

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ በተሰደድንበት ከተማ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት፤ ወጡን የሚሠራላት ጋሼ ራሞን የምንለው ሜክሲኳዊ ነበር። አማርኛ የለመደው ከእሷ ጋር ሽንኩርት ሲያቁላላ ነው። ያኔ አመሻሹ ላይ፣ እንግዳ ሳይበዛ፣ በጓሮ በር ወጥቶ ከሰል ላይ ቃሪያ ሲጠብስ፣ ጭሱ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝም ቢሆን አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ከኪሱ አንድ ትልቅ የብር ሳንቲም ያወጣና በፍሙ ብርሃን ያሳየኛል።

እናቴ መጀመሪያ ስታየው ማርትሬዛ መስሏት ነበር። ላዩ ላይ ያለው ግን ጺሙ ለሁለት የተከፈለ ሰው ነው፤ ከባሕር ማዶ መጥቶ ሜክሲኮን ሦስት ዓመት ገደማ የገዛ ንጉሠ ነገሥት። የጋሼ ራሞን ቅድመ አያት ለዚያ ንጉሥ ጦር በቅሎ ሲነዳ ነው ሳንቲሙን ያገኘው።

«ያመጡት ሰዎች ሕዝቡ ይፈልግሃል አሉት፤ ውሸት» ይላል ከሰሉን እያራገበ። «ሚስቱ ባሕር ተሻገረች፣ ባሌን አድኑ ብላ ነገሥታት ለመነች። ማንም እሺ አላለም። አበደች።»

ንጉሡን ጠላቶቹ ማርከው ሊረሽኑት ሲያቆሙት፣ እናቱ እንድታውቀው ፊቱን እንዳይመቱት ወታደሮቹን ለመነ ይለኛል። ታሪኩን ባውቀውም፣ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ አንድ ሰው እንዲደርስለት እጠብቅ ነበር።

«ማንም አልመጣም?»

«ማንም፣ ልጄ።»

አንድ ሐሙስ ጋሼ ራሞን ቀረ። የጓሮውን ፓርኪንግ የሚጠብቁት ጋሼ ታደሰ መጡና «አልማዝ፣ ራሞንን ባስ ሲጠብቅ የኢሚግሬሽን ሰዎች ወሰዱት» አሏት። እናቴ ምድጃውን አጠፋች። ጠበቃ ጋ ደወለች፤ የሚያነሳ የለም። ከተሰቀለው ሽርጡ ኪስ ሳንቲሙን አውጥታ፣ እኔን ይዛ ዳውንታውን ወዳለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ድራይቭ አደረገች።

መስኮቱ ጋ ያለው ሰው ቤተሰቡ መሆኗን ጠየቃት። አዎ አለች።

«ሙሉ ስሙ?»

«ራሞን።»

«ራሞን ማን?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔም አላውቅም። ደሞዙን በእጁ ነበር የምትሰጠው፤ ወረቀት ጠይቃው አታውቅም። «ምግብ የሚሠራልን ነው» አለችው፣ በአማርኛ፤ ሰውዬው እንደማይሰማት እንኳ አላስተዋለችም። እሱም ከኋላችን ያለውን ሰው ጠራ።

ከዚያ ወዲያ ወሬውን አልሰማንም። ሳንቲሙ እኔ ጋ ነው፤ ያሳየኋቸው ሰዎች ብርቅ ነው ይሉኛል፤ ለማን እንደምመልሰው ግን አላውቅም። እናቴ ዛሬም አዲስ ሠራተኛ ስትቀጥር፣ ስለ ሥራው አንድ ቃል ሳትናገር፣ የአባቱን ስም ትጠይቃለች።