ጡንቻ ያልኩት ውሃ

መጀመሪያ ያበጠው የዓይኗ ቆብ ነው። የፋሲካ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት እህቴ ወይንሸት ወደ ጂም ስትገባ ሁለቱም ዓይኖቿ ከላይም ከታችም ተነፍተው ነበር። ከኋላዋ የገባች አንዲት ደንበኛዬ አየቻትና «ውይ፣ ፋሲካው ተስማምቶሻል! ፊትሽ እንዴት ሞላ!» አለቻት። እህቴ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እኛ ዘንድ ፊት ሲሞላ «ተመችቶሻል» ይባላል እንጂ «ምን ሆነሽ ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ በሁለት ቀን ዶሮና ቅቤ የገባበት ሰው ደግሞ ቢነፋ ማን ይደነቃል?

ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ሁለት ዓመት አልፏል። አሁንም መንገድ ላይ ሰው ሰውን «ተመችቶሃል!» ሲል ስሰማ እግሬ ይቆማል፤ ሳላስበው የተባለውን ሰው ቁርጭምጭሚት ማየት እጀምራለሁ። ይህን የምጽፈው የሰውነታቸውን ስብ እየለኩ ለውጣቸውን ለሚከታተሉ ሰዎች ነው። ከእነሱም ይልቅ እንደኔ ሌላውን ሰው ለሚለኩ።

እኔ ላፍቶ ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጂም አሠልጣኝ ነኝ። ወይንሸት ታላቄ ናት፤ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስታርፍ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጎፋ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አላት። የለበስኩት ዩኒፎርም፣ የተማርኩበት ሁሉ ከዚያች ቤት የወጣ ነው። «እታለም» ነው የምላት። ሃያ ዓመት አጎንብሳ ስትሰፋ ወገቧም ጉልበቷም እምቢ ሲሏት፣ እጇን ይዤ ጂም ያመጣኋት እኔ ነኝ። «ሦስት ወር ብቻ ስጪኝ» አልኳት። ውለታ የምመልስ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ለካኋት። ሰባ ስምንት ኪሎ። ስብ ሠላሳ ስምንት በመቶ። ስቡን የነገረን በእግር የሚቆሙበት፣ በእጅም የሚጨበጥ መያዣ ያለው ማሽን ነው፤ ባዮኢምፒዳንስ ይባላል። ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ በሰውነት ውስጥ ይልካል። ውሃ ሞገዱን ያሳልፋል፣ ስብ ይቋቋመዋል። ማሽኑ ከዚያ ተነስቶ ይህን ያህሉ ስብ ነው፣ ይህን ያህሉ ጡንቻ ነው ብሎ ያሰላል። ወረቀት እያተመ ሲያወጣ ደንበኛ ሁሉ አፉን ከፍቶ ነው የሚያየው። እውነት ለመናገር እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

በጾሙ ወራት ጥሩ ሄደች። ለሆሣዕና ሰባ አራት ኪሎ ደረሰች፤ ስቡ ሠላሳ ስድስት ሆነ። ጉልበቷ ግን ከሥራው በኋላ ይጠዘጥዛት ነበር። ከቦርሳዬ አይቡፕሮፌን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ አውጥቼ ሰጠኋት። «ጠዋትና ማታ ውሰጂ፣ እኛ ሁላችንም የምንወስደው ነው» አልኳት። ከወር በላይ ወሰደች። ሲያልቅባት እኔው ነበርኩ የማመጣላት።

ከፋሲካ በኋላ ቁጥሮቹ አበዱ። በየሳምንቱ ክብደቷ ይጨምራል፣ የስቡ መቶኛ ደግሞ ይወርዳል። በሦስተኛው ሳምንት ሰማንያ አንድ ኪሎ መዘነች። ስብ፣ ሠላሳ በመቶ። ማሽኑ የቀረውን ሁሉ ጡንቻ አለው። በዚህ ሙያ ሰባት ዓመት የቆየ ሰው፣ አንዲት የአርባ አንድ ዓመት ሴት በሦስት ሳምንት ያን ያህል ጡንቻ ልትገነባ እንደማትችል ያውቃል። አውቅ ነበር። ግን ቁጥሩ ጣመኝ። ወረቀቱን ከፎቶዋ ጋር አድርጌ መግቢያው ላይ ለጠፍኩት፤ ከሥሩም በትልቁ «ስብ ወረደ፣ ጡንቻ ጨመረ» ብዬ ጻፍኩ። ያን ፎቶ አሁን ሳየው የማየው በሽተኛ ነው።

እሷ ግን ነግራኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ የምትለካበትን ሜትር አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች።

«ሚኪ፣ የሱሪዬ እግር አልገባ አለኝ እኮ» አለች። «በራሴ ልክ የሰፋሁት ነው። ለካሁት፤ ቁርጭምጭሚቴ ወፍሯል።»

«ጡንቻ ነው እታለም። ማሽኑ ያለውን አላየሽም?»

ትንሽ አሰበችና «ቁርጭምጭሚት ላይ ጡንቻ አለ እንዴ?» አለችኝ።

የለም። ቁርጭምጭሚት ላይ አጥንትና ጅማት ነው ያለው። የተማርኩት እኔ፣ ጥያቄውን የጠየቀችው እሷ። እኔ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ፦ «ያንቺ ሜትር የልብስ ነው፣ የእኔ የሰውነት ነው» አልኩና ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወደ ሌላ ደንበኛ ሄድኩ።

ከዚያ የባሰው የሚቀጥለው ረቡዕ ነው። ለፎቶው የሚሆን ተጨማሪ ማስረጃ አማረኝና በካሊፐር ልለካት ፈለግኩ። ካሊፐር ቆዳንና ከሥሩ ያለውን ስብ በሁለት ጥርሶቹ ቆንጥጦ ውፍረቱን የሚለካ መሣሪያ ነው። ጭኗን ልቆነጥጥ ስል ቆዳው አልነሳ አለ። ተወጥሮ ያብለጨልጭ ነበር። እንደምንም ያዝኩት። ቁጥሩን አነበብኩ። ለቀቅኩት።

ሁለት ጉድጓድ ቀረ።

ጠበቅኩ። አልሞላም። እሷም ታያለች፣ እኔም አያለሁ። ከዚያ በመዳፌ አሻሸሁትና «ቆዳሽ ለስላሳ ስለሆነ ነው» አልኳት። ለራሴም ነገርኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጡት እነዚያ ሁለት ጉድጓዶች ናቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ ደረጃው ላይ ቆመች። የመጀመሪያውን ፎቅ አልጨረሰችም። ከላይ ሆኜ «ነይ እንጂ፣ ጀግናዬ!» አልኳት። የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ቀረች። ወረድኩ። ከንፈሯ ጠቁሯል። ትንፋሽ አጥሯታል። ቁጭ አድርጌያት እግሯን ያዝኩ። ጣቶቼ ሰመጡ። ያኔ ነው የገባኝ። ጡንቻ እንደዚያ አይሰምጥም።

ታክሲ ጠርተን ሆስፒታል ደረስን። ሰማንያ አራት ኪሎ መዘነች። ሽንቷን ወሰዱ፤ ብልቃጡ ውስጥ እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ አንስቷል። ነርሷ «አረፋው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለቻት። እህቴ «ሦስት ሳምንት ይሆናል» አለች። ለእኔ አልነገረችኝም ነበር። ለወንድም ሽንቴ አረፋ ሆነ ተብሎ እንዴት ይነገራል?

ሳንባዋ ዙሪያ ውሃ ተገኘ። ደሟ ውስጥ አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ከሚገባው ከግማሽ በታች ወርዷል። የኩላሊት ሐኪሟ ቀጠን ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ወይዘሮ ወይንሸት፣ ኩላሊት ማለት ወንፊት ነው» አለች። «የእርስዎ ወንፊት ላልቷል። ፕሮቲኑ በሽንት እየወጣ ነው። ፕሮቲን ሲያንስ ውሃው ደም ሥር ውስጥ መቆየት ያቅተውና ወደ ሥጋው ይፈሳል። ኔፍሮቲክ ሲንድሮም እንለዋለን። ምክንያቱን ለማወቅ ከኩላሊቱ ትንሽ ናሙና መውሰድ አለብን።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «የምትወስደው መድኃኒት ነበር?»

«አይቡፕሮፌን» አልኩ። «እኔ ነኝ የሰጠኋት።»

«ለስንት ጊዜ?»

ነገርኳት።

«ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል» አለች። «ያለ እሱም የሚመጣበት ጊዜ አለ። እርግጠኛ ሆኜ አልነግርህም። ከአሁን በኋላ ግን አይነካም።» እርግጠኛ ሆኜ አልነግርህም። ጥፋተኛ ነህ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ባዮፕሲ የሚሉት ናሙና ተወሰደ። ስድስት ሰዓት ሙሉ በጀርባዋ እንድትተኛ ታዘዘች። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ትንፋሿን እቆጥር ነበር። አባታችን ያረፈው ኩላሊቱ ደክሞ ነው፤ ሁለታችንም ይህን ማንሳት እንፈራ ነበር። እሷ ብትሞትብኝ ማን እንደሚቀረኝ አሰብኩ። ማንም አልመጣልኝም። አለቀስኩ። እሷ ዓይኗን ሳትገልጥ «ዝም በል፣ ሰው ያይሃል» አለችኝ።

ውጤቱ «ሚኒማል ቼንጅ ዲዚዝ» የሚባል ሆነ። ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ከዚህ ዓይነቱ የኩላሊት ሕመም ለመድኃኒት ቶሎ የሚታዘዘው ይህኛው ነው ብላ አስረዳችን። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ኪኒን ተጀመረ፤ ውሃውን የሚያወጣ ፉሮሴማይድም አብሮ ተሰጣት። ጨው ቀረ።

ከዚያ ውሃው መውጣት ጀመረ። ነርሷ በየጠዋቱ፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ በዚያው ሚዛን፣ በዚያው ቀሚስ ትመዝናት ነበር። ሰማንያ አራት፣ ሰማንያ ሁለት፣ ሰባ ዘጠኝ እያለ በሦስት ሳምንት ሰባ ኪሎ ላይ ቆመ። እኔ መግቢያው ላይ ለጥፌ የኮራሁበት «ጡንቻ» በሽንት ማስቀመጫ ተሞልቶ ሲወጣ እያየሁ በገዛ እጄ ደፋሁት። ውሃ ስንወቅጥ ነበር የከረምነው። ውሃው ሲያልቅ ከሥሩ የወጣው ሰውነት ደግሞ ጭኑ የቀጠነ፣ የተጎዳ ሰውነት ነበር።

ማሽኑ ዋሸ አልልም፤ እሱ ውሃን ከጡንቻ መለየት አይችልም፣ እንደሚችል አድርጌ የሸጥኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሐኪሟን ከሁሉ የትኛው መለኪያ ይሻላል ብዬ ጠየቅኳት። ዴክሳ የሚባለው ራጅ መሰል መሣሪያ የበለጠ ትክክል ነው አለችኝ፤ «እሱም ቢሆን ሰው ሲያብጥ ውሃውን ከሥጋ ይቆጥረዋል» ብላ ጨመረች። ከዚያ የእህቴን እግር በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ጥቂት ቆየችና አነሳች። «እኔ በመጀመሪያ የማምነው ይህን ነው» አለች።

ማገገሙ ረጅም ነበር። ፕሬድኒሶሎኑ ፊቷን እንደገና አሞላው፣ በዚህኛው ጊዜ ግን መድኃኒቱ እንደሆነ አውቀነው ነበርና ጎረቤት «ተመችቶሻል» ሲላት እሷው ቀድማ «ኪኒኑ ነው እናቴ» እያለች ታሳፍራቸው ጀመር። እንቅልፍ ነሳት፤ ሲነጋጋ ተነስታ ቤቱን ትወለውል ነበር። በአራተኛው ወር ሽንቷ ንጹሕ ሆነ፤ መድኃኒቱም ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ሄደ። መጀመሪያ ከቤቷ እስከ ሱቋ፣ ከዚያ ከጎፋ እስከ መካኒሳ አቦ በእግር መሄድ ቻለች፤ በመጨረሻም የዚያን ደረጃ ሁለቱንም ፎቅ ሳትቆም ወጣች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ሕመሙ ሊመለስ እንደሚችል ተነግሮናል፤ ከዚያ ፍርሃት ጋር መኖር ለምደናል ብል ውሸት ነው፣ አብረነው እንኖራለን እንጂ።

አሁን ስለካ እንዲህ ነው የማደርገው። ሚዛኑን በሳምንት አንዴ፣ በአንድ ሰዓት፣ ሳይበላ። ማሽኑን በወር አንዴ፣ ያውም የወራትን አካሄድ ለማየት እንጂ ለአንዱ ቀን ቁጥር አልጨነቅም፤ ውሃ የጠጣም ያልጠጣም ሰው ቁጥሩ ይለያያልና። ካሊፐርን እጁ የለመደ አንድ ሰው ብቻ ይያዘው። ሜትሩን ግን ከሁሉ አስቀድማለሁ፤ ወገብ፣ ዳሌ፣ ጭን፣ ቁርጭምጭሚትም ጭምር። ሰው ስንት ደረጃ ሳይቆም እንደወጣም እጽፋለሁ። ክብደቱ እየጨመረ ስቡ ቢወርድ፣ ዓይኑ ጠዋት ቢያብጥ፣ ካልሲው ምልክት ቢጥል፣ ሽንቱ አረፋ ቢያነሳ፣ ጂም አትምጣ፣ ሐኪም ቤት ሂድ እለዋለሁ። ከቦርሳዬም ለማንም ኪኒን አልሰጥም።

ያችን ሐኪም፣ ያችንም በየጠዋቱ የመዘነቻትን ነርስ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጎረቤቷ ዘይነባም እህቴ እስክትመለስ ሱቁን ከፍታ ስለጠበቀችላት አላህ ውለታዋን ይክፈላት።

ባለፈው ዓመት ሱቋ ውስጥ የደንበኞች ልክ የሚጻፍበትን ደብተር ስገልጥ የራሷን ገጽ አገኘሁ። «ወይንሸት» ይላል ከላይ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ። ከሥሩ የቁርጭምጭሚቷ ልክ በየቅዳሜው ተጽፏል። ሃያ ሁለት። ሃያ ሦስት ተኩል። ሃያ አምስት። ሃያ ስድስት ተኩል። አንዱም ቁጥር አልተሳሳተም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ እውነቱን ሙሉ በእጇ ይዛ ነበር። ከመጨረሻው ቁጥር አጠገብ ግን በእርሳስ እንዲህ ብላለች፦ «ሚኪ ጡንቻ ነው ብሏል።»

ከዚያም መለካት አቁማለች። ቀጣዩ ቅዳሜ ባዶ ነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቋ እሄዳለሁ። ጫማዋን ታወልቃለች። አውራ ጣቴን ቅልጥሟ ላይ ጫን አድርጌ ይዤ እቆያለሁ፣ ከዚያ አነሳለሁ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን እናያለን።

«ሞላ?» ትለኛለች።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» እላታለሁ። እስክትነግረኝም አልነሳም።