የድንጋዩ ድርሻ

ሐምሌ ሲገባ አቅም ያለው ሁሉ ወደ ድሬዳዋ ይወጣል፤ ጅቡቲ የምትቀረው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ከምሲን የምንለው ትኩስ ነፋስ ከየብስ ተነስቶ አቧራውን ወደ ባሕር ይነዳል፤ እኩለ ቀን ላይ እንኳ አሥር እርምጃ አጥርቶ ማየት ያስቸግራል። እኔና ሙሉ ሸርጣን ልናድን የወጣነው እንዲህ ባለ አርብ ነው። አሮጌው ባቡር ገና አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር። ያኔ ከእናንተ አንዳችሁም አልተወለዳችሁም ነበር።

ሙሉ የወሎ ልጅ ናት። ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር እኛ አጠገብ ካለ ቤተሰብ ጋር እየኖረች ትሠራ ነበር፤ ዕረፍቷ አርብ ብቻ። ሸርጣኑን እኛ አንበላውም፤ ፈረንጆች የሚመገቡበት አንድ ምግብ ቤት ይቀበለናል። የምናድንባቸው ሁለቱ ሜንጦዎች፣ ጫፋቸው የታጠፈ ረጃጅም ብረቶች፣ የእኔ ናቸው። ሌሎች ሴቶች የብረት ባለቤት ከሆኑ ሁለት እጅ ይወስዱ ነበር። እኔ እኩል ነው የማካፍለው። ብረት አይደክመውም።

የምንሄደው ጠሪው ድንጋይ ወደምንለው ነው። ከባቡር ጣቢያው ባሻገር፣ ባሕሩ ሲሸሽ ግማሽ ሰዓት በጭቃ ተኪዶ የሚደረስበት፣ ብቻውን የቆመ ቤት የሚያህል ጥቁር ድንጋይ። በልጅነቴ እናቴ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ድንጋዩ ሰውን በስሙ እየጠራ ውሃው እስኪመለስ ያቆየዋል ይባላል። ስለዚህ እዚያ ማንም ማንንም በስሙ አይጠራም፤ ጓደኛውን የፈለገ ብረቱን ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ ይመታል። ስሙ የተጠራ ሰው አይዞርም። ሌላም ደንብ ነበር፤ የመጀመሪያው ሸርጣን ለድንጋዩ ይተዋል። ይሄኛውን ከልጅነቴ አልተቀበልኩትም። ያላደነ ለምን ይበላል? እናቴ ስትሞት አስቀረሁት።

የዚያን ቀንም የመጀመሪያውን ጆንያ ውስጥ ስከት ሙሉ ሳቀች።

«እትዬ፣ ዛሬም ከድንጋይ ጋር ክርክር ነው?»

«ይክሰሰኝ» አልኳት።

የሸርጣን ዱካ ጭቃ ላይ በመርፌ የተወጋ ጨርቅ ይመስላል። ትኩስ ከሆነ ጉድጓዱ አፍ ላይ የተሰባበረ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ታገኛላችሁ። ያን ዕለት ዱካው ሁሉ ወደ ድንጋዩ ይገባ ነበር፤ የሚወጣ አንድም አላየሁም።

እሷ በባሕሩ በኩል፣ እኔ በየብሱ በኩል ተለያየን። አቧራው ከተማዋን ዋጣት። ነፋሱ ድንጋዩ ስንጥቆች ውስጥ ሲገባ ሰው ጉሮሮውን የሚጠርግ ይመስላል። ኮንጎ ጫማዬ ውሃ ሲያስገባ ባሕሩ መመለሱን አወቅሁ። እንሂድ ለማለት ብረቴን ሁለት ጊዜ መታሁ። መልስ የለም።

«እትዬ ከድጃ!»

የሙሉ ድምፅ ነው። ግን ደንቡን ታውቃለች፤ ብረትም ይዛለች። አልዞርኩም። ጀርባዬን ለድንጋዩ ሰጥቼ ቆምኩ፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አለፈ።

«ከድጃ» አለኝ እንደገና፤ ዝቅ ብሎ፣ ከቅርብ።

ሦስተኛው ትልቅ ሰው ልጅን እንደሚቆጣው ነበር። «ከድጃ፣ ዙሪ።»

ዞርኩ። ለምን እንደዞርኩ ዛሬም አላውቅም። ወደ ድንጋዩ ማዶ ሮጥኩ።

ሙሉ በሆዷ ተኝታለች፤ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ስንጥቅ ውስጥ ገብቷል። ብረቷ ወድቆባት ልታወጣው እጇን ስትሰድ ውስጥ ያለ ትልቅ ሸርጣን ጣቶቿን ይዟል። ውሃው አገጯ ደርሷል፤ ማዕበል ሲመጣ አፏን ይሸፍናል። በብረቴ ብወጋ እጇን ነው የምወጋው። እሷ ትጎትታለች፣ ውሃው በደም ይቀላል።

ሸርጣን ሲጎትቱት ያጠብቃል፤ ሲተዉት ይተዋል። እናቴ ያስተማረችኝ ይህንን ነው። ግን ለምትሰምጥ ሴት አትጎትቺ ማለት ይከብዳል። ራሷን ታቅፌ አፍንጫዋን ወደ ላይ ያዝኩላት።

«ሙሉዬ፣ እጅሽን ተዪለት። የሞተ እጅ አድርጊው።»

በዓይኗ እሺ አለችኝ። ውሃው ሸፈናት። ገላዋ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ ክንዷ ግን አልተንቀሳቀሰም። ከስንጥቁ ውስጥ ብረት በድንጋይ ላይ ሲፋቅ ሰማሁ፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ኳ፣ ኳ አለ። ክንዷ ወጣ።

ጆንያውንም ብረቱንም ትተን ነፋሱን ፊታችን ላይ አድርገን ተራመድን፤ ከምሲን ከየብስ ስለሚመጣ ሌላ ምልክት አልነበረንም። ጭቃው ሲጠነክርልን ውሃው ወገባችን ደርሶ ነበር።

ዳር ላይ የተሰበሩትን ሁለት ጣቶቿን በሻሼ እያሰርኩ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሦስት ጊዜ እስክትጠራኝ፣ «ከድጃ፣ ዙሪ» እስክትለኝ ድረስ ቆሜ ነበር አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ።

«እኔ አንዴ ነው የጠራሁዎት። ከዚያ አፌን ውሃ ሞላው። ደግሞስ እትዬ፣ እኔ እርስዎን ከመቼ ወዲህ ነው በባዶ ስምዎ የምጠራዎት?»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባሕሩ እንደገና ርቆ ሲሸሽ ሌላ ብረት ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። የመጀመሪያውን ሸርጣን እግሩን አስሬ ስንጥቁ አፍ ላይ አስቀመጥኩት። ፈርቼ አይደለም። ለሠራ ድርሻው ይሰጠዋል፤ ዕድሜዬን ሁሉ የተሟገትኩት ለዚህ ነው። ጥቂት ተራምጄ ዞር ስል ሸርጣኑ አልነበረም።

አሁን ስትጠሩኝ ስሜን ሳትጨርሱ አቤት ማለቴ ያስቃችኋል። ሳቁ። የመጀመሪያው ጥሪ የሙሉ ነበር፤ እኔም እየሰማሁ ያሳለፍኩት እሱን ነው። የቀሩትን ሁለቱን የጠራላት ሌላ ነው።