ከጥሪው የሰረዝኳቸው ሰው

የዚያን ሰሞን እንጀራዬ መሰረዝ ነበር። ቢቸና እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ድራይቨር የሚባለውን፣ ኮምፒውተር ከኔትወርክ ካርዱ ጋር የሚግባባበትን ኮድ አጸዳለሁ። በእያንዳንዱ ፋይል አናት ላይ ሌሎች ፋይሎችን በስም የሚጠሩ መስመሮች ተደርድረዋል፤ ብዙዎቹ ድሮ ተጠርተው ሥራ ፈትተው የተቀመጡ ናቸው። አንዱን እሰርዛለሁ፣ እሞክረዋለሁ፣ ላፕቶፔ ስህተት አለ ብሎ ካልጮኸ ደህና ሰንብት። እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! ችግሩ መሰረዝ የለመደ እጅ አያርፍም።

እናቴ የእህቴን ሰርግ የጥሪ ዝርዝር እንድተይብላት ሰጠችኝ። መካከሉ ላይ አንድ የሞጣ ነጋዴ አገኘሁ፤ የሟች አባቴ ወዳጅ፣ ሙስሊም ሽማግሌ። ለእሳቸው ሲባል በግ ለብቻው ሊታረድ፣ ድስት ለብቻው ሊጣድ ነው። «ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ?» አልኩና ሰረዝኳቸው። ለእናቴ አልነገርኳትም። ሳምንት ሙሉ ማንም አልጮኸም።

ሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው እህቴ ሞጣ ላሉት አክስታችን ደወለች። ከሕፃንነቷ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

«እትዬ፣ መቼ ነው የሚመጡት?»

«ማን ጠርቶኝ?» አሉና ዘጉት።

ጉዱ ያኔ ወጣ። ለሞጣ ዘመድ ሁሉ ጥሪ የሚደርሰው በነጋዴው በኩል ኖሯል። የምትደርሳቸውን አንዲት ካርድ ይዘው በየቤቱ ዞረው፣ ሰዉን ሚኒባስ ሙሉ ጭነው ይመጣሉ። እናቴ የአክስቴን ስም ጽፋው አታውቅም።

«የእትዬን ጉልበት ሳልስም ከዚህ ቤት አልወጣም!» አለች እህቴ እያለቀሰች። «ሙሽራው ከፈለገ አንተን ይውሰድ!»

ወደ ሞጣ ስሄድ መንገድ ላይ ስለ ኮዱ ኢሜይል ደረሰኝ። ከሰረዝኳቸው መስመሮች አንዱ የሚጠራው ፋይል ሌላ ፋይል አስከትሎ ይመጣ ነበር። የእኔ ላፕቶፕ ያንን ፋይል በሌላ በኩል ስለሚያገኘው ዝም አለ፤ ሌላ ዓይነት ማሽን ላይ ግን ኮዱ አልሠራ ብሏል። ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ትንሽ ራቅ አሉ።

ነጋዴው ወሬውን ሰምተው ኖሮ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ሆነው የትከሻዬን ቦርሳ አዩ።

«ለይቅርታ ድንጋይ ተሸክመህ ነው?»

«የለም ጋሼ፣ ላፕቶፕ ነው። መሰረዝ ያስለመደኝ እሱ ነው።»

ሳቁ፤ ቅጣቴን ግን አልማሩኝም። «በል እንግዲህ፣ ዘንድሮ አንተ ዙር።»

አሥራ አንድ ቤት ዞርኩ። በየደጁ ቆሜ ሁሉንም በስማቸው ጠራሁ። የመጨረሻው የአክስቴ ቤት ነበር። ግባ አላሉኝም።

«ስሜ ወረቀቱ ላይ ነበረ?»

«አልነበረም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን አጥፍተህ መጣህ?»

«ሳላይዎት ሰረዝኩዎት።»

 ያኔ ግባ አሉኝ። እዚያው ቤታቸው ተቀምጬ የጎደለውን ፋይል በስሙ የሚጠራ መስመር ጻፍኩና ኮዱን መልሼ ላክሁ።

በሰርጉ ቀን ሚኒባሱ ጢም ብሎ መጣ። እህቴ ጉልበታቸውን ስማ ቀና ስትል አክስቴ በዓይናቸው ጠሩኝ።

«እኔም እሳቸውም አርጅተናል» አሉ ወደ ነጋዴው እያመለከቱ። «ላንተ ሰርግ በየስማችን ጥራን። አንዳችን ባንኖር ሌላችን እንዳንቀር።»

ሙሽራ እስካሁን አላገኘሁም። ዝርዝሩን ግን ጀምሬዋለሁ፤ ሁለቱም በየራሳቸው መስመር ተጽፈዋል።