ከለቅሶ ቲሸርት የተሰፋ ማሊያ

ፖሊስተር ካውያ ሲነካው የሚሰጠው ሽታ ሲግናል ሰፈር ካለችው ጠባብ የስፌት ቤቴ አይጠፋም፤ ለምጄዋለሁ። ነጭ ፖሊስተር ሲሆን ግን ካውያውን አቁሜ ወደ በሩ እወጣለሁ። ደንበኞቼ አስም ያለብኝ ይመስላቸዋል፤ እኔም አዎ እላለሁ። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ላንቺ ልንገርሽ።

ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም። ሳይክል ያስተማረኝ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር ልጅ ነው። ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ፣ «ወደ ታች አትዪ፣ ወደ ፊት እዪ!» ይለኝ ነበር። በዚያው ዓመት ከእንጦጦ ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ እምቢ አለውና ሞተ። እንደ ሰፈሩ ወግ ፎቶውን ነጭ የፖሊስተር ቲሸርት ላይ አሳትመን፣ እሱኑ ለብሰን ቀበርነው። አልቅሻለሁ፤ ለቅሶዬም የውሸት አልነበረም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የሳይክል ክለብ ሴት ተወዳዳሪዎችን እንጦጦ ላይ ሊፈትን ሆነ። አሠልጣኙ፣ «ማሊያ የሌላት አትሰለፍም» አለ። የሱቅ ማሊያ በእኛ ቤት የማይታሰብ ነው፤ አሮጌ ሳይክልና የአክስቴ የስፌት መኪና ግን ነበሩ፣ እጄም ስፌት ያውቅ ነበር። የጎደለኝ ስስ፣ ላብ የማይዝ ጨርቅ ነው። ቤታችን ውስጥ እንደዚያ ያለው ያ የለቅሶ ቲሸርቴ ብቻ ነበር። እሱ ለፊት፣ ለእጅጌና ለኪስ ብቻ በቃ፤ ለጀርባ ሌላ ፈለግኩ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ እናቱ ወጣሁ። «እትዬ፣ ለታናሽ እህቴ ማስታወሻ የሚሆን ቲሸርት ተርፎዎታል?» አልኳቸው። ቁም ሳጥኑን ከፈቱ። «የቀረችኝ አንዷ ናት። ይሁን፣ ልጄ የሚታወስበት ቤት ይብዛለት» አሉ፤ ፎቶውን ሁለት ጊዜ ሳሙትና ሰጡኝ።

ፎቶው ወደ ውስጥ እንዲሆን ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁትና በጠመኔ አሰመርኩ። ቲሸርቱ ረጅም ነው፤ በወገቤ ልክ ሳሳጥረው መስመሩ ከአፉ ሥር አለፈ። ከትከሻው በኩል ባሳጥረው ፊቱ ይተርፍ ነበር፤ አንገቱን እንደገና መስፋት ግን ሥራ ያበዛል። ሰነፍኩ። መቀሱ ክርት ክርት እያለ ሄደ። አንዴ እንኳ አላቆምኩትም፣ አሁን ድረስ ራሴን የሚያስጠላኝ እሱ ነው።

የፈተናው ቀን ዐሥራ ስድስት ነበር፤ ኪዳነ ምሕረት። ነጠላ የለበሱ ሰዎች ከቅዳሴ ሲወርዱ እኛ በባሕር ዛፉ መሐል ሽቅብ እንገፋለን። ላቡ ጀርባዬን አጠበው። ስስ ነጭ ጨርቅ ሲርስ ውስጡን እንደሚያሳይ እንዴት እንዳላሰብኩ እንጃ። ከኋላዬ ያለችው ልጅ፣ «አንቺ፣ ጀርባሽ ላይ ሰው አለ!» ብላ ሳቀች።

ዳገቱ የባሰበት ጥምዝ ላይ፣ ከእግረኛ እኩል ስሄድ፣ ከቅዳሴ የሚመለሱት እትዬ ከመንገዱ ዳር አዩኝ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ጀርባዬን። ጥቂት እርምጃ አብረውኝ ሄዱ። እጃቸውን ዘርግተው ዳሰሱኝ።

«አገጩ የት ሄደ?» አሉ።

ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ፔዳሉን ረገጥኩ። ተመረጥኩ። ደስም አለኝ፤ ይህን አልደብቅሽም።

ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። እሳቸው ነበሩ። ስድብ ጠብቄ አንገቴን ደፋሁ።

«ማሊያው ያንቺ ነው፣ ልጄ፤ አልቀማሽም። የተቆረጠውን ብቻ ስጪኝ፤ ትራሴ ሥር ላድርገው።»

«ጣልኩት» አልኳቸው።

«ይሁን። በይ ልብስሽን ቀይሪ፣ በላብሽ ላይ ብርድ እንዳይመታሽ» አሉና የደረጃውን ብረት ይዘው ቀስ ብለው ወጡ።

አልጣልኩትም። በሩ ጀርባ ወድቆ ነበር፤ ጠዋት የሳይክሌን ሰንሰለት ጠርጌበት በግሪስ ጠቁሯል።