ከጨረሩ በኋላ፣ ከቢላዋው በፊት፦ ከባሕር ዳር ደልጊ

ሰኞ፣ ጎሕ ሲቀድ፤ ባሕር ዳር

መርከቡ ጡሩምባውን ነፋ። በእጄ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት፣ በዘንቢሌ አሥር ቅቅል እንቁላል ይዣለሁ። ጊዜው ሁዳዴ ስለሆነ እንቁላሎቹን በፎጣ ሸፈንኋቸው።

የምሄደው ደልጊ እናታችን ቤት ያለውን ታላቅ ወንድሜን መኮንንን ላመጣ ነው። ሁለታችንም የፋብሪካ ሠራተኞች ነን፤ እሱ መካኒክ፣ እኔ ክር ክፍል። ለሥልጠና ሶቪየት ተልኮ ሳለ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ቆሽቱ አጠገብ ዕጢ ተገኘ። እዚያው በጨረር ታከመ፤ “ቢላዋውስ አገሬ ይሁን” ብሎ ተመለሰ። አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርጉለት ሐኪም እንዳስረዱኝ፣ ዕጢው ደም ሥር ላይ ተለጥፎ ነበርና ጨረሩ የተሰጠው አስቀድሞ እንዲያኮማትረው ነው። ከዚያ ሰውነቱ እስኪጠገን ጥቂት ሳምንት ይጠበቃል።

“እየበላ ይቆይ። ከስቶ ከመጣ ግን አልቀደውም” አሉኝ።

የኛ ሰውዬ ግን ይጾማል! የታመመው የሱ ቆሽት፣ ያረረው የኔ።

ረፋድ፤ ዘጌ

የጌሾ ጆንያና ሎሚ ተጫነ። አጠገቤ የተቀመጡት የወረታ ነጋዴ ሐጂ ጉዳዬን ሰምተው፣ “ጨረሩ እሳት ነው እንዴ?” አሉ።

“እኔስ ምን አውቄ፣ ሐጂ! ወንድሜን እጠይቀዋለሁ።”

“በእኛ በሽተኛ አይጾምም። በእናንተስ?”

“በእኛም አይገደድም። የኛው ግን ግትር ነው።”

ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፤ ደልጊ

ቁንዝላ አድረን ገባን። መኮንን ከስቶ ሱሪው ስለሰፋው በገመድ አስሮ ወጣ። ቁጣዬን ዋጥሁና የሐጂን ጥያቄ አስቀደምሁ።

“ምንም አያቃጥልም፣ እታለም። ያስተኙሻል፣ ሁሉም ይወጣሉ፣ በሩ ይዘጋል። ማሽኑ ብቻ ያጉረመርማል። ሆዴ ላይ በቀለም መስቀል ሥለውብኝ ነበር። እግዜርን የማያምኑ ሰዎች፣ መስቀል! ያን ጊዜ ሁዳዴን ያለ ጉድለት ልጾም ተሳልሁ።”

“የጨረሩ ማነጣጠሪያ እኮ ነው!”

“ለእነሱ ነዋ።”

እናታችን የነፍስ አባቱን አባ ተክሌን አስጠራች። “አባ፣ ካልበላ አይቀዱትም” አልኋቸው። ሽማግሌው የእጅ መስቀላቸውን መኮንን ሆድ ላይ፣ ቀለሙ በነበረበት ቦታ አሳረፉ።

“ስለትህን ወድጄዋለሁ። የቀረውን ግን ለእኔ ስጠኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾመውን እስከ ማታ አደርገዋለሁ። አንተ የቀረበልህን ሁሉ ብላ። ብታስተርፍ የእኔን ጾም ጣልህ ማለት ነው። እግዚአብሔር ይፍታህ።”

መኮንን አለቀሰና መስቀሉን ተሳለመ።

ረቡዕ፣ ሐይቁ ላይ

ደልጊ ከኋላችን እየራቀች ነው። መኮንን ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ተቀመጠ፤ እኔ እንቁላል ላጥሁለት። አንዲት ሴትዮ አዩን።

“በሁዳዴ! በረቡዕ!”

“ታዞ ነው፣ እመት!” አልሁ ጮክ ብዬ። መቼም አፌ አያርፍ።

ግማሹን እንደ ኮሶ ዋጠና ቀሪውን ፎጣው ላይ አስቀመጠው። “አልወርድ አለኝ፣ እታለም።”

ፈራሁ። ሐኪሙ “አልቀደውም” ያሉት ትዝ አለኝ። እሱ ወደ ደልጊ ያይ ነበር።

“ስንት ሰዓት ነው?”

“ዘጠኝ አልፏል።”

“አባ እስካሁን ውኃ እንኳ አልቀመሱም” አለ።

ያስቀመጠውን አነሣና ጎረሰው። አላምጦ ሲጨርስ እጁን ዘረጋልኝ።

“ሌላ ላጪልኝ።”