ጠላና ጽዋ፦ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ደርሶ መልስ

ቅዳሜ፣ ሊነጋጋ ሲል

ጎረቤላ መናኸሪያ ስንደርስ ጉሙ ገና ከገደሉ አልተነሣም። ረዳቱ «ደብረ ብርሃን! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል፤ ሚኒባሱ ግን ግማሹ ባዶ ነው። አጎቴ ደምሴ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ።

የምንሄደው ለስብሰባ ነው። የአልኮል ሱስን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ማኅበር አላቸው፤ ሐኪሞችም፣ የመድኃኒት ባለሙያዎችም፣ የኅብረተሰብ አጥኚዎችም አሉበት። በየጊዜው ተገናኝተው ያገኙትን ይለዋወጣሉ። ዘንድሮ ደብረ ብርሃን ላይ ሲሰበሰቡ የታከሙ ሰዎችንና ቤተሰቦቻቸውንም ጠርተዋል። አጎቴ ከፋሲካ ወዲህ አልጠጣም። የሚያስጨንቀው ነገ ነው፤ ነገ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለ። የተባረከው ጠላ ዞሮ ሲደርስህ አልቀምስም ማለት ማኅበርተኛውንም መልአኩንም እንደ መናቅ ይቆጠራል። ያለፉትን ወራት አሞኛል እያለ ቀርቷል። ማኅበሩ ደግሞ ከአባቱ የወረሰው ነው።

«ወይ ማኅበሩን እተዋለሁ፣ ወይ እጠጣለሁ» አለኝ ስንነሣ።

ደጋው ላይ ስንወጣ ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ ያፏጫል። የድንጋይ ካብ፣ ቢጫ ገብስ፣ እዚህም እዚያም ጅባራ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየን።

«ጋሽ ደምሴ፣ ከተማ ምን አስኬደዎት? አረቄው እኛ ጋ አለቀ እንዴ?»

«ላንተ ትቼልህ ነው» አለ አጎቴ። «ብቻ እኔን ካደረስክ በኋላ ጠጣው።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። እሱ ግን መስኮቱን እያየ ቀረ።

ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ

አዳራሹ ከውጭው ይበልጥ ይበርዳል። ሙሉ ልብስ የለበሱ ተመራማሪዎችና ጋቢ የለበስን ተጋባዦች ተደባልቀን ተቀመጥን። አንድ የመድኃኒት ባለሙያ የአንጎል ሥዕል እያሳየ ተናገረ። ለዓመታት መጠጥ የለመደ አንጎል ድንገት ሲከለከል መረጋጋት ያቅተዋል፤ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል፣ አንዳንዱም ራሱን ስቶ ይወድቃል። ስለዚህ ብዙ የሚጠጣ ሰው ሐኪም እያየው በመድኃኒት እየተረዳ ማቆም አለበት። «ስንፍና አይደለም፤ ሕመም ነው» አለ።

ቀጥላ የተነሣችው አጎቴን ያከመችው ዶክተር ሕይወት ናት።

«ቀደም ሲል በሽተኛ ስንቀበል ‹አልኮል ይጠጣሉ?› ብለን ነበር የምንጠይቀው። ‹አልጠጣም› ይሉናል፤ አምነን እንጽፋለን።»

አጎቴ እጁን አወጣ። «እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት። አልኮል ማለት የቡና ቤቱ፣ የጠርሙሱ መስሎኝ። እኔ የምጠጣው ጠላ ነው። ከዚያ በላይ ትንሽ አረቄ።»

«ትንሿ ምን ታክላለች?» አለ አንዱ ከኋላ።

«የቤቱን መንገድ የምታስረሳ።»

አዳራሹ ሳቀ። አጎቴ ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቆ ቀጠለ። ሆስፒታል የገባው እግሩ ተሰብሮ ነበር። ተኝቶ ሳለ መንቀጥቀጥ ጀመረው፤ ከአልጋው ወደቀ። ማንም መጠጡን አልጠረጠረም፤ አልጠጣም ብሏላ። «ለእግሬ ገብቼ በጠላ ልሞት ነበር» አለ።

ዶክተሯ ነገሩ ሲታወቅ መጀመሪያ እሱ ብቻ የሸሸጋት መስሏት እንደነበር ተናገረች። ከዚህ በፊት በነበረ የተመራማሪዎቹ ስብሰባ ላይ ስታነሣው ግን ከሌላ ከተማ የመጡ ባልደረቦቿ የእነሱም በሽተኞች ያንኑ እንደሚሉ ነገሯት። የሁሉንም አንድ ላይ ሲያዩት ስሕተቱ የበሽተኛው ሳይሆን የጥያቄው ሆኖ አገኙት። አሁን ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ እያሉ በየስሙ፣ በምን ዕቃ እንደሚጠጣም ይጠይቃሉ።

ሻይ ላይ አጎቴ ጠጋ አላት። «ዶክተር፣ ነገ ጽዋ አለብኝ። ለጽዋ የሚሆን ክኒን አለ?»

«ፍላጎቱን የሚቀንስ መድኃኒት አለን፤ ይሉኝታን የሚቀንስ ግን የለንም» አለችው። «ካቆሙት ሰዎች የምንሰማውን ልንገርዎት። ብዙዎቹን የሚጥላቸው መጠጥ ቤት አይደለም፤ እምቢ ማለት ነውር የሆነበት ቤት ነው። ጽዋው እጅዎ ሳይገባ ይናገሩ። ምክንያት አይፍጠሩ፣ እውነቱን ይበሉ። የሚይዙትም ነገር ይዘው ይሂዱ።»

እሁድ፣ ጠዋት

ስንመለስ አጠገባችን የተቀመጠው የአልዩ አምባ ማር ነጋዴ ነበር። አጎቴ ስለ ብርዝ ጠየቀው።

«እኛ ቤት ለሰርጉም ለእንግዳውም ብርዝ ነው» አለ። «ዛሬ በጥብጠህ ዛሬ ጠጣው። ካደረ፣ ወላሂ፣ እሱም ይቦካል።»

ከማሩ ገዛን። ጎረቤላ ወርደን ውሃ አጣርተን በጠበጥነው፤ ማሰሮውን እኔ ያዝኩ።

እሁድ፣ ቀትር

የማኅበሩን መሪ ሙሴ ይሏቸዋል፤ የእኛው ሙሴ ጋሽ ተክሌ ናቸው። አጎቴ በር ላይ ሊነግራቸው አስቦ ነበር። ስንደርስ ግን ቄሱ ጸሎት ጀምረዋል፤ አቋርጦ መናገር አልቻለም። ጸሎቱ እንዳበቃ ጽዋው መዞር ጀመረ። እኔ ማሰሮውን አቅፌ በር ሥር ቆሜ የአጎቴን እጆች አያለሁ።

ሙሴው ጽዋውን ይዘው ፊቱ ቆሙ። «እንኳን ተሻለህ፣ ደምሴ። በል ተቀበል።»

«ጋሽ ተክሌ፣ አሞኝ አልነበረም የቀረሁት። መጠጥ አቁሜ ነው። ሐኪም አልኮል ከልክሎኛል።»

«ታዲያ ይሄ ምን አልኮል አለው? ጠላ እኮ ነው!»

አጎቴ ቀና አለ። «እኔም ለሐኪሞቹ ይህንኑ ብዬ ነው ልሞት የነበረው።»

ሙሴው ወደ ቄሱ ዞሩ። ቄሱ አጎቴን አዩትና ወደ እኔ ጠቆሙ። «ልጁ የያዘው ምንድን ነው?»

«ብርዝ ነው አባ፤ የዛሬ» አልኳቸው።

«ሌላ ጽዋ አጥባችሁ አምጡ። እባርክለታለሁ።»

እስከ አፉ ተሞላ። አጎቴ ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ጠብታ አልፈሰሰም። ጠጥቶ ሲቀመጥ ጨዋታው ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ የጠላውም ጽዋ ዙሩን ቀጠለ። ጥጉ ላይ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። ሰውየው ጽዋውን አልነካም። ማሰሮዬን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከዚያኛው ተርፏል?»