ኪራይ ሰብሳቢዋ ስትሰግድ

ወልቂጤ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ ግምገማ የሚሉት ነገር ነበር። አዳራሽ እንሰበሰብና እያንዳንዳችን ተነሥተን ድክመታችንን እንናገራለን፤ የረሳነውን ደግሞ ጓደኞቻችን ያስታውሱናል። ቤተ ክርስቲያን ኑዛዜ በጆሮ ነው። እኛ ዘንድ በማይክራፎን ነበር።

አንድ ቀን ተራዬ ደረሰና "ሰዓት አላከብርም" ብዬ የተለመደችዋን ኃጢአቴን ተናዝዤ ልቀመጥ ስል፣ ከጎኔ ጠረጴዛ የምትሠራው ጓደኛዬ እጇን አወጣች። የቡታጅራ ልጅ ናት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሚስጥሬን ስነግራት ኖሬያለሁ።

"የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ይታይባታል" አለች፣ ዓይኗን ከወረቀቷ ሳታነሣ።

"ትቀበያለሽ?" አለኝ ሰብሳቢው።

"እቀበላለሁ" አልኩ። አለመቀበል ራሱን የቻለ ድክመት ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረቴን ያፍነኝ ጀመር። እህል አልወርድ፣ እንቅልፍም አልመጣ አለኝ። ጤና ጣቢያ ብሄድ ነርሱ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ "ጨጓራ ነው" አለኝ። ያኔ ወልቂጤ ውስጥ ጨጓራ ያልሆነ በሽታ አልነበረም። የሰጠኝን ሽሮፕ ጨረስኩት፤ ጠመኔ ጠመኔ ከማለት በቀር ያደረገልኝ ነገር የለም።

ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ በስልክ ባለቅስባት "የንስሐ አባትሽ ዘንድ ሂጂ" አለችኝ። ለጥምቀት ካልሆነ ደጃቸውን የማልረግጥ ሰው ነኝ። ቢቸግረኝ ሄድኩ። አባ ሽማግሌ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ምን አደረግሽ ልጄ?"

"ምንም አላደረግሁም አባ። ጓደኛዬ በሰው ፊት ኪራይ ሰብሳቢ ናት አለችኝ።"

"የማንን ቤት አከራይተሽ?"

"ቤት የለኝም። እኔም ተከራይ ነኝ።"

"ታዲያ ከማን ሰበሰብሽ?"

"እኔም አላውቅም።"

"ይህቺን ኃጢአት እኛ አናውቃትም" አሉ። "አንቺን የያዘሽ ቂም ነው። እሑድን ትተሽ ለሰባት ቀን ጠዋት ጠዋት አርባ አርባ ስገጂ። ከዚያ ከልጅቷ ጋር ታረቂ።"

"አባ፣ እውነቱን ልንገርዎትና በማመኔም እርግጠኛ አይደለሁም።"

"ስገጂ አልኩሽ እንጂ እርግጠኛ ሁኚ አልኩሽ?"

ሰገድኩ። የመጀመሪያው ቀን ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር ጓደኛዬን ረገምኳት፤ አርባ ስግደት፣ አርባ እርግማን። በሦስተኛው ቀን ጉልበቴ ከማመሙ የተነሣ መርገሙን ረሳሁት። በአራተኛው ቀን ራበኝ፤ አንድ ሳህን ጎመን በቆጮ ጥርግ አድርጌ በልቼ እንደ ድንጋይ ተኛሁ። እግዚአብሔር ይሁን ስፖርቱ፣ ማንን እንደማመሰግን ሳላውቅ ነው የተኛሁት።

ሰባቱ ቀን እንዳለቀ በትልቅ ልብ ይቅር ልላት ተዘጋጅቼ ቢሮ ገባሁ። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ቀደመችኝ።

"አፉ በይኝ" አለች እያለቀሰች። "አንድ ሰው ላይ ካልተናገርሽ አንቺው ላይ እንናገራለን አሉኝ። አንቺ ሥቀሽ ታልፊዋለሽ ብዬ ነው።"

"አልሣቅሁም።"

"አውቃለሁ። ሶላት ላይ ስቆም ፊትሽ እየመጣብኝ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለሁ ይጠፋብኛል።"

ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ። የእኔ እንቅልፍ ሲበላሽ የእሷም ሶላት ተበላሽቶ ነበር ለካ።

"አፉ ብያለሁ" አልኳት። "ግን ኪራይ ሰብሳቢ ማለት ምን ማለት ነው?"

"እኔ ምን አውቄ! ጽፈው ነው የሰጡኝ።"

ሣቃችን ከአቅም በላይ ሆነ። አለቃችን ድምፅ ሰምቶ በሩን ሲከፍት እኔ ፋይል ውስጥ ተደብቄያለሁ፣ እሷ በሻርፗ አፏን ይዛለች።

በዓመቱ ዝውውር አግኝታ ወደ አገሯ ተመለሰች። መናኸሪያ ሄጄ ሸኘኋት፤ መኪናው ከወጣ በኋላም ሰው እያየኝ ቆሜ አለቀስኩ።